የምክር ዓምድ፦ «ፈርሚና ጉዳዩ ይለቅ» ተባልኩ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የላይን ሊደር (የአንድ የስፌት መስመር ቡድን አስተባባሪ) ነኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ዳቶ ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ያለ ታናሽ ወንድሜንም የማግዘው እኔ ነኝ። መሠረታዊ ደመወዜ 5,200 ብር ነው፣ ወር በ30 በባንክ ይገባልናል። ሊደር ከሆንኩ 14 ወር ሞላኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 8 ሰዓት እንሠራለን። ከዚያ ሌላ በሳምንት ሦስት ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት «ታርጌት ማሟያ» ተብለን እንቆያለን፣ በወር ሁለት እሑድም ሙሉ ቀን እንገባለን። ለዚህ ሁሉ በየወሩ 300 ብር «አበል» ተብሎ ይጨመርልናል።

በእኔ ላይን ከሚሠሩት ልጆች 11ዱ ባለፈው ወር የኦቨርታይም (የትርፍ ሰዓት ክፍያ) ክስ መሠረቱ። እኔ አልከሰስኩም። ሱፐርቫይዘራችን የአጎቴ ባለቤት ናት፣ ከይርጋለም አምጥታ ያስገባችኝም እሷ ናት። እሑድ የሚገቡትን ስም በቃል ትነግረኛለች፤ እኔ ማን በስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ ጭምር በራሴ ደብተር እጽፋለሁ። ልጆቹ አሁን ደብተሩን ፍርድ ቤት አምጪልን እያሉኝ ነው።

በዚህ መሃል ኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው) ጠራኝ። «አንቺ ሊደር ነሽ፣ የሥራ መሪ ስለሆንሽ ኦቨርታይም አይመለከትሽም፤ ግን ድርጅቱ ስለሚያስብልሽ 6,500 ብር ይሰጥሽ» አለኝ። ሒሳቡንም አሳየኝ። ደመወዜን ለ240 ሰዓት አካፍሎ፣ የሥራ ቀኑን በ1.25፣ እሑዱን በ2 አባዝቶ፣ 300ውን ቀንሶ፣ የ6 ወር ብቻ ቆጥሮ ነው። ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ በድርጅቱ ላይ ማንኛውም ዓይነት የክፍያም ሆነ ሌላ ጥያቄ የለኝም፤ ለሌሎች ሠራተኞችም ማስረጃ አልሰጥም» ይላል። እስከ ሚያዝያ 30 ፈርሚ ተብያለሁ። አትላንታ ያለው የእህቴ ባል ደግሞ በስልክ «እዚህ ቢሆን እጥፍ ነው የሚከፍሉት፣ ከ40 ሺህ በታች እንዳትፈርሚ» ይለኛል።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ብፈርም ልጆቹን የከዳሁ ይመስለኛል። ባልፈርም ከሥራም እባረራለሁ፣ ከዘመድም እጣላለሁ። ምን ላድርግ?

መ. ከሐዋሳ

ውድ መ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስጨነቀሽ ብሩ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በአንድ ወረቀት ሦስት ነገር አስረውብሻል፤ ያልተከፈለሽን ገንዘብ፣ የ11ዱን ልጆች ክርክርና ከዘመድሽ ጋር ያለሽን ግንኙነት። ስለ ገንዘቡ ስታስቢ ልጆቹ ይመጡብሻል፣ ስለ ልጆቹ ስታስቢ የአጎትሽ ባለቤት ትመጣብሻለች። እስቲ ፈትተን ለየብቻ እንያቸው። ከሁሉ በፊት ግን ሐሳቤን ልንገርሽ፦ ይህን ወረቀት እንዳለ አትፈርሚ። ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ጽሑፉ ነው። አልፈርምም ብለሽ ደግሞ እጅሽን አጣጥፈሽ እስከ ሚያዝያ 30 አትቀመጪ፤ ለምን እንደምል እደርስበታለሁ።

ኤችአሩ በነገረሽ ልጀምር። «ሊደር ስለሆንሽ የሥራ መሪ ነሽ» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እውነት ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከትሽም ነበርና። አዋጁ የሥራ መሪ የሚለው ግን የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበትና የመመደብ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው ነው። እስቲ አስቢው፤ ሰው ቀጥረሽ ታውቂያለሽ? በአንቺ ፊርማ የተሰናበተ አለ? እሑድ የሚገቡትን እንኳ የምትወስነው ሱፐርቫይዘሯ ናት፣ አንቺ ትመዘግቢያለሽ። ልጆቹን ማሽን ላይ ማደላደልሽ ብቻውን የሥራ መሪ ያደርግሻል ብዬ አላምንም። ፍርድ ቤትም ከመጠሪያሽ ይልቅ በተግባር የምትሠሪውን ነው የሚመረምረው። ደግሞስ የትርፍ ሰዓት መብት የሌለሽ ብትሆኚ ኖሮ ለምን ሰዓቱን አስልቶ አሳየሽ? ያ ስሌት በወረቀት ከተሰጠሽ በደንብ አስቀምጪው፣ ካልተሰጠሽም ቅጂውን ጠይቂ።

ስሌቱ ራሱ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቷል። 1.25 የሚለው ማባዣ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረ ነው። አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። ብዙ ቦታ የደመወዝ መክፈያው የኤክሴል ፋይል ከድሮ ጀምሮ እየተገለበጠ ስለሚመጣ አሮጌው ቁጥር እዚያው ይቀራል። ሆን ተብሎም ይሁን በቸልታ፣ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው።

ሁለተኛው ስህተት 240 ነው። 30 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ የመጣ ቁጥር ነው፤ የዕረፍት ቀናትሽንም እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮ የአንድ ሰዓት ዋጋሽን ያሳንሰዋል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። 48ን በዓመቱ 52 ሳምንታት አባዝተሽ ለ12 ወር ስታካፍዪ 208 ይወጣል። 5,200 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋሽ ድፍን 25 ብር ነው፤ በእነሱ ስሌት ግን 21 ብር ከ67 ሳንቲም።

እንግዲህ አብረን እናስላ። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት 6 ሰዓት ነው፣ በወር በአማካይ 26 ሰዓት። 25 ብር በ1.5 ሲባዛ 37.50፣ ለ26 ሰዓት 975 ብር። ሁለት እሑድ በ8 ሰዓት 16 ሰዓት ነው፣ በ50 ብር ሒሳብ 800 ብር። የወሩ ድምር 1,775። «አበል» የተባለውን 300 ብር አሠሪው ለትርፍ ሰዓት የከፈልኩት ነው ማለቱ ስለማይቀር እኛም እንቀንሰው፤ 1,475 ይቀራል። ይህ በየወሩ ሳይከፈልሽ የቀረ ገንዘብ ነው። የ6 ወሩ 8,850፣ የ14ቱ ደግሞ 20,650 ብር ይመጣል። በኤችአሩ ስሌት የወሩ 1,097 ብር ከ50፣ የ6 ወሩ 6,585 ነው፤ እሱን አጠጋግተው ነው 6,500 ያሉሽ። ደብተርሽ ላይ ያለው ሰዓት ከወር ወር ይለያይ ይሆናልና አማካዩን ትተሽ ወር በወር ጽፈሽ ደምሪው። የበዓል ቀን ገብታችሁ ከሆነም ለብቻው አውጪው። ከሚከፈልሽ ላይ የሥራ ግብር እንደሚቆረጥም አትርሺ፤ ስለዚህ ማንም ቁጥር ሲጠራልሽ «ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። ኤችአሩ የ6 ወር ብቻ የቆጠረው ይህን ስለሚያውቅ ነው፣ በዚህኛው አልተሳሳተም። ከዚያ በፊት ያሉት 8 ወራት ላይ ክስ ብታቀርቢ ድርጅቱ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ያነሳል፣ በዚያ ክፍል የመርታት ዕድልሽም ጠባብ ነው። የለፋሽበት ገንዘብ ስለሆነ ይህን መስማት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። የቀረውን ለማዳን ግን ማወቅ ይኖርብሻል። ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በደመወዝ ቀን ነው። ጥቅምት 30 ሊከፈልሽ ይገባ የነበረው ሚያዝያ 30 ላይ 6 ወር ይሞላዋል። ኤችአሩ የሰጠሽ ቀን እስኪደርስ ስታስቢበት ከቆየሽና ከዚያ «ልክ ነሽ፣ እንደገና እንነጋገር» ከተባልሽ፣ በንግግሩ መሃል ጥቅምት ያመልጥሻል፣ ቀጥሎ ኅዳር። በየወሩ መጨረሻ 1,475 ብር ይሸሻል።

ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለኤችአር ማመልከቻ ማስገባት፣ ለሥራ አስኪያጁ በቃል መንገር፣ ሽማግሌ መላክ ይርጋውን አያቆሙትም። የሚያቆመው ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ፣ ወይም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል አቤቱታ ማስገባት፣ ወይም አሠሪው ራሱ ዕዳው እንዳለበት በግልጽ ማመኑ ነው። የመጨረሻውን ልብ በዪው። በእጅሽ ያለው ረቂቅ ወይም ስሌት «ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት» የሚል ቃል ካለበት ለዚህም ሊጠቅምሽ ይችላል።

ታዲያ 6,500 ብር መጥፎ ሐሳብ ነው? ሊጠየቅ ከሚችለው 8,850 ብር ሲነጻጸር ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። በክርክር ላይ ያለ ገንዘብ በስምምነት ሲያልቅ ከሙሉው ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ የሚቀነሰው መጠን የሚለካው ግን በማስረጃው ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ማስረጃሽን እንመርምር።

የትርፍ ሰዓት ክርክር የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ያንን ሰዓት እንድትሠሪ ማን አዘዘሽ? በሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው። ድርጅቱም «ታርጌታቸውን በሰዓቱ ስላልጨረሱ በራሳቸው ፈቃድ ቆዩ፣ ማንም አላዘዛቸውም» ማለቱ የማይቀር ነው፤ «ታርጌት ማሟያ» የሚለው ስምም ለዚሁ ይመቻል። የአሻራ ማሽኑ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ግቢ ውስጥ እንደነበርሽ ያሳያል፣ ታዘሽ እንደቆየሽ ግን አያሳይም። የሚያሳየው ሌላ ነው። በቴሌግራም ግሩፓችሁ «ዛሬ ላይን 6 ይቆያል» የሚል መልእክት አለ? የሠራተኛ ሰርቪሱ በእነዚያ ቀናት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር? እሑድ የበሩ ጥበቃ የሚያስገባው በስም ዝርዝር ነው? ለሁለት ሰዓት መብራትና ማሽን ሲሠራ፣ ሱፐርቫይዘሯና ጥራት ተቆጣጣሪዋም አብረው ሲቆዩ አሠሪው አያውቅም ነበር ማለት ይከብዳል። መልእክቶቹን ቀንና የላኪው ስም እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺና ወደ ሌላ ስልክም ላኪው፤ ሰው ከግሩፕ የሚወጣበት ጊዜ አይታወቅም።

300ውን ብር ዝም ብለሽ ስትቀበይ መኖርሽም አያስፈራሽ። አሠሪው የክፍያ መዝገብ መያዝና ሲጠየቅ ማስረዳት አለበት። በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ሳትቃወሚ ተቀብለሽ መፈረምሽ ከዚያ በላይ የሚገባሽን እንደተውሽ እንደማያስቆጥር በአዋጁ ተጽፏል።

ወረቀቱ ግን ከዚህ ይለያል፣ ዋናው ስጋቴም እሱ ነው። በወር ወር የደመወዝ መዝገብ ላይ መፈረምና የስምምነት ውል መፈረም አንድ አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3312 በስምምነት የተጨረሰ ጉዳይ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። አንዱ ወገን መብቱን በተመለከተ ተሳስቶ ነበር ማለትም ስምምነቱን አያፈርሰውም። ዛሬ 1.25 ልክ መስሎሽ ፈርመሽ፣ ነገ 1.5 መሆኑን ብታውቂ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። «ማንኛውም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለው ጥቅል ቃል በጠባቡ መተርጎም አለበት፣ ከተነሳው ክርክር ውጭ ያለውን አይነካም ተብሎ ሊሞገት ይችላል። ነገር ግን የዓመት ፈቃድሽንና የስንብት ክፍያሽን ወደፊት በሙግት ከማስጣል ዛሬ አንድ ሐረግ ማሰረዝ ይቀላል።

ለመስማማት ከመረጥሽ፣ መስማማትም ነውር የለበትም፣ ውሉ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ያለውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ብቻ እንደሚመለከት ይጻፍ። ስሌቱ በአባሪነት ይያያዝ። ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳብሽ እንደሚገባ፣ ካልገባ ስምምነቱ ቀሪ እንደሚሆን ይገለጽ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ትርፍ ሰዓት በሕጉ መጠን እንደሚከፈልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ይህ ከተዘነጋ ያው ጉድለት ከነገ ጀምሮ እንደገና ይከማቻል። በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሞ አንድ ቅጂ እጅሽ ይግባ። ስለ ማስረጃ የሚለው መስመር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

የእህትሽ ባል ከፍቅር የተነሳ ነው የሚመክርሽ፣ የሚያወራው ግን የሚኖርበትን አገር ሕግ ነው። እዚያ በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው አንድ ተኩል ያስከፍላል፤ አሠሪው ጥፋተኛ ሲሆን ባልከፈለው ልክ ሌላ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል፣ እጥፍ የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። የኋላው ሒሳብም 2 ዓመት፣ ሆን ተብሎ ከተደረገ 3 ዓመት ድረስ ይጠየቃል። ብዙ ሠራተኞች ተሰባስበው ስለሚከሱም በዜና የሚሰማው የስምምነት ገንዘብ ሚሊዮኖች ይሆናል። በእኛ አዋጅ ለትርፍ ሰዓት እንዲህ ያለ እጥፍ የለም፣ ጊዜውም 6 ወር ነው። 40 ሺህ ብለሽ ከተነሳሽ ንግግሩ በመጀመሪያው ቀን ይቋረጣል። ከዚያ አገር አሠራር የምወድለት አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለው ስምምነት በብዙ ፍርድ ቤቶች በዳኛ ወይም የሥራ ሕጉን በሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓይን ሳያልፍ አይጸናም። አንቺም በግድ ባይሆንም በምርጫሽ ይህን ልታደርጊ ትችያለሽ፤ ኤችአሩን «የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፊት እንፈራረም» በዪው። ስሌቱ ንጹሕ ከሆነ የሚከብደው ነገር የለም።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። አለመክሰስሽ ክህደት አይደለም፤ እንዲያውም ምስክር ሆና የምትቀርብ አብራ ከከሰሰች ሴት ይልቅ ያልከሰሰች ስትሆን ቃሏ ላይ «የራሷ ጥቅም አለበት» የሚል ተቃውሞ ለማንሳት ይከብዳል። ደብተሩን በራስሽ ገንዘብ ገዝተሽ በራስሽ እጅ የጻፍሽው ከሆነ ያንቺ ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ፣ ዋናውን ፋብሪካ ውስጥ ሎከር ላይ ሳይሆን ቤት አስቀምጪ። አንዲት መስመር እንኳ አትጨምሪበት፣ አታስተካክዪም። ስህተት ያለበት ግን ያልተነካ ደብተር በአንድ እስክሪብቶ ከተጻፈ ንጹሕ ግልባጭ ይልቅ ይታመናል። የፋብሪካው ፎርም ከሆነ ግን ከግቢ ይዘሽው አትውጪ፣ በንብረት ማጉደል እንዲከሱሽ ምክንያት አትስጪ። ልጆቹ ክሳቸው ላይ «በአሠሪው እጅ የሚገኝ» ብለው ጠቅሰው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው መጠየቅ ይችላሉ። አንቺም በራስሽ ተነሥተሽ ደብተሩን ከምታስረክቢ ይልቅ በመጥሪያ እንዲያስጠሩሽ ንገሪያቸው። በፍርድ ቤት የተጠራ ምስክር መቅረብ ግዴታው ነው፣ በሐሰት መመስከርም ወንጀል ነው፤ «ማስረጃ አልሰጥም» የሚል ወረቀት መፈረምሽ ከዚህ አያወጣሽም። ለዘመድም ሆነ ለአለቃ የምትሰጪው መልስ ይህ ነው፦ «ፍርድ ቤት ጠራኝ፣ ያየሁትን ተናገርኩ።»

የአጎትሽ ባለቤት ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እሷስ ለእነዚያ እሑዶች ተከፍሏት ይሆን? ከላይ ታዝዛ ያስተላለፈች ሴት ናት። የሚከሰሰው ድርጅቱ ነው፣ የሚከፍለውም ድርጅቱ፤ ከእሷ ኪስ የሚወጣ የለም። እንዲያውም በኃላፊነቷ ያስተላለፈችው ትእዛዝ የአሠሪው ትእዛዝ ነው። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቷ በፊት አንቺ ንገሪያት። ፋብሪካ ውስጥ አይሁን፣ በስልክም አይሁን፤ ቤቷ ሄደሽ፣ አጎትሽ ባለበት ቢሆን ጥሩ ነው። «እትዬ፣ ያስገባሽኝን ውለታ አልረሳሁም። አንቺን የሚጎዳ ነገር አልናገርም፣ የሌለ ነገርም አልጨምርም። የሠራሁበትን ግን መጠየቄ አይቀርም» ብትያት ይበቃል። ልትከፋ ትችላለች። ዕለቱን ይሁንታዋን ካላገኘሁ ብለሽ አትጨነቂ። ደብተሩን ግን ይዘሽ አትሂጂ፣ እሷንም የሌለ ፈተና ውስጥ አታስገቢያት።

መባረሩን ስለፈራሽው ሕጉን ልንገርሽ። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር ውስጥ መሳተፉ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ አንቀጽ 26 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። ከሕግ ውጭ ከተሰናበትሽ ወደ ሥራ ለመመለስ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ጥያቄው ግን በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ፍርድ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ ካሳን ከመረጠ ደግሞ ከሌሎቹ ክፍያዎች ጋር የአማካይ ዕለታዊ ደመወዝሽ 180 እጥፍ ይታሰብልሻል። ይህ ማለት ግን ማንም አይነካሽም ማለት አይደለም። «በክሱ ምክንያት አባረርንሽ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት አታርፍጂ፣ ያለ ፈቃድ አትቅሪ፣ ብትታመሚ የሐኪም ወረቀት በዚያው ቀን አድርሺ። የሥራ ውልሽንም አውጥተሽ አንብቢው፤ ጊዜ የተወሰነለት ነው? የሚያልቀውስ መቼ ነው? ቋሚ ለሆነ ሥራ የተጻፈ የጊዜ ገደብ በራሱ ክርክር የሚነሳበት ነው፤ ውሉ በቅርቡ የሚያበቃ ከሆነ ይህንን ለሕግ ባለሙያ አስቀድመሽ ንገሪ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ወር በወር ያለውን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጻፊ። ባንክ ሄደሽ የአንድ ዓመት የሒሳብ መግለጫሽን አውጪ፣ የገባው ደመወዝና 300ው ብር እዚያ ላይ ይታያል። ሁለቱን ይዘሽ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ሂጂ፣ ረቂቁንም አሳያቸው። ፋብሪካችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ሊቀመንበሩን አማክሪ። ከዚያ ሚያዝያ 30 ሳይደርስ ከሁለቱ አንዱን አድርጊ። አንደኛው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ፣ ብዙ ሰው አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ለሚለው፣ በጽሑፍ አቤቱታ ማስገባት ነው። ቅጂሽ ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ይደረግበት። መዝገብ ክፍል ማኅተም ያላረፈበት አቤቱታ፣ ቀኑን ማስረዳት ሲመጣ እንዳልተጻፈ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ የሥራ ክርክር ችሎት ክስ መክፈት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ በተግባር ቀጠሮ ሊንቀረፈፍ ስለሚችል ያንን ቀን ቆጥረሽ ብድር አትግቢ። ለሥራ ክርክር ችሎት የምትቀርቢበት ጊዜ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ መጥሪያውን አስቀድመሽ ለኤችአር ስጪና መቀበላቸውን አስፈርሚ።

እኔ ብጠየቅ አቤቱታውን አስቀድሜ አስገባለሁ፣ ንግግሩንም አላቋርጥም። ይርጋው ከቆመ በኋላ አንቺም ኤችአሩም ያለ ጥድፊያ መነጋገር ትችላላችሁ። «በ208 እና በ1.5 ያሰላሁት 8,850 ብር ይመጣል። በስምምነት ለመጨረስ ፈቃደኛ ነኝ፣ ጽሑፉ ግን የትርፍ ሰዓቱን ብቻ ይመልከት» የሚል አጭር ደብዳቤ ስጪው። ስምንት ሺህ ቢሉሽ፣ ሰባት ሺህ ተኩል ቢሉሽ፣ ጽሑፉም ከተስተካከለ መቀበል አለመቀበሉ ያንቺ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባንክ የሚገባ ገንዘብ ለወንድምሽም ለቤት ኪራይሽም ዋጋ እንዳለው ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ አንዱ ልጆች ወደ ስምምነት ከመጡ ደግሞ ስምምነታቸው በችሎቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ንገሪያቸው፤ ድርጅቱ ባይከፍል አዲስ ክስ ሳይከፍቱ በአፈጻጸም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲያስከፍላቸው፣ ይጠይቁበታል።

ከዛሬ ጀምሮ ሱፐርቫይዘሯ «ዛሬ ይቆያል» ስትልሽ «እሺ፣ በግሩፑ ላይ ጻፊልኝ፣ ልጆቹ እንዲያዩት» በያት።